እዚሁ እሞታለሁ ብሎ ስለተመዘገበው ነዋሪያችን

ለክቡር ዶክተር ሌላንድ ክሩክሻንክ፣
የሎረል ፎርክ የሕክምና ኮሌጅ የነዋሪነት ወሳኝ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
በእርስዎም በኩል በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቀመጡት አራት የተከበሩ አባላት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ የሃርገስ ቤንድ ሰዎች የእርስዎን ጤና የምንመኘው ከልባችን ነው፤ እዚህ ጤና ያጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስለምናውቅ ሕመምን ለጠላታችን እንኳ አንመኝም። የወረዳችን ሆስፒታል ከተዘጋ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። በዌስት ቨርጂኒያ በኩል የቅርቡ ሐኪም አርባ ሰባት ማይል ይርቃል፤ በድልድዩ ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ ኦሃዮ ለሚሄድ ግን ዐሥራ አንድ ማይል ብቻ ነው። ይህን የምነግርዎ መንገዱን እንዲያውቁት ብዬ አይደለም፤ እርስዎ በዚህ በኩል የሚያልፉበት ጉዳይ እንደሌለዎ አውቃለሁ።

እኔ ቨርደን ስታትስ እባላለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ነው፤ ምስማር፣ የዶሮ መኖና የቧንቧ ዕቃ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ሌላ የሚሠራው ሰው ስለጠፋም የከተማዋ ሰነድ አረጋጋጭ ነበርኩ፤ የመቃብር ማኅበሩ ጸሐፊም ነኝ። እነዚህን ሹመቶች የዘረዘርኩት ለመኩራት አይደለም፤ ጥፋቱን ሁሉ ብቻዬን ጀምሬ ብቻዬን እንድጨርስ ስላስቻሉኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ ስላልተሳካላቸው ነው። ሦስቱም ደርሰዋል፤ ለሦስቱም "ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" የሚል አንድ ዓይነት ካርድ ተልኮልኛል። የወረዳችን ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ከአጋዘን አደን ማስታወቂያው ጎን ቦታ ሲሰጠኝ፣ "ቨርደን፣ እንዳትሳደብ ብቻ" ብሎ አደራ ስላለኝ፣ እንደሚያዩት ምስጋና ብቻ ነው የማቀርበው። በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ኮሚቴው ቁጥር እንደሚወድ በዓይኔ ስላየሁ።

፩ኛ፤ ብራይስ ሊንድክዊስትን ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ።

ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሁሉ ብራይስን ያውቀዋል፤ ለማያውቁት ግን፣ ልጁ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሲሆን የመጣውም ከሳንዲያጎ ነው። በካሊፎርኒያ ሐኪም ልሁን የሚለው ወጣት ከበሽተኛው ሳይበዛ አልቀረም መሰለኝ፣ አባቱ የመግቢያ አማካሪ ቀጠረለት። አማካሪውም ካርታውን ዘርግቶ ተወዳዳሪ የሚያንስበትን ግዛት ሲፈልግ ጣቱ እኛ ላይ አረፈች። ኮሌጃችሁ ከሚቀበላቸው ስድሳ ተማሪዎች ሃምሳ አራቱን የሚወስደው ከግዛቱ ነዋሪዎች ነው። ሐሳቡም ግሩም ነው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ እዚህ የኖረ ሰው ተምሮ እዚሁ ያክማል ተብሎ ነው። ነዋሪ ለመባል ደግሞ ዐሥራ ሁለት ወር ሳያቋርጡ መኖርና ለዘለቄታው የመኖር ሐሳብ እንዳለ በማስረጃ ማሳየት ይበቃል። ብራይስ ይህን ይዞ ካቻምና በሰኔ ወር ከሱቄ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየ።

በሦስተኛው ቀን መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ በአምስተኛው ቀን የመራጭነት ካርድ። በሳምንቱ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ጨመረ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ካርዱን የምትሰጠው ሴትዮ ስላለች አልተቸገረም። የአደን ፈቃድም አወጣ፤ በኋላ በኅዳር ጎረቤቴ አጋዘን ገድሎ ግቢው ውስጥ ሰቅሎ ሲገፍፍ ያየው ጊዜ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አስመለሰው። የማቀዝቀዣው በር ላይ አማካሪው የላከለት ዝርዝር ተለጥፎ ነበር፤ አንዱን በፈጸመ ቁጥር በአረንጓዴ ቀለም ይሰርዘዋል። ቧንቧ ልጠግን የገባሁ ቀን አነበብኩት። "የመኪናውን ሰሌዳ ቀይር" ከሚለው ቀጥሎ "የአካባቢውን ሰው ወዳጅ አድርግ፤ ቢያንስ ሁለት፣ በዕድሜ የገፉ ቢሆኑ ይመረጣል" ይል ነበር። አንዱ እኔ እንደሆንኩ ገባኝና ደስ አለኝ። እንዲያውም ሁለተኛው ማን ይሆን ብዬ ቀናሁ።

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በምትከፈተው ጤና ጣቢያችን ነርሷን ያግዝ ነበር፤ አሮጊቶችን ከመኪና ደግፎ ያወርዳል፤ በረዶ ሲጥል የደጄን ይጠርግልኛል። በሚያዝያ ወር በእሳት አደጋ አዳራሹ የዱር ሽንኩርት እራት ሲደረግ ሁለት ሳህን በላ። የእኛን የዱር ሽንኩርት የበላ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሚስቱም አትጠጋው። ብራይስ አፍንጫውን ይዞ ጨረሰውና አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበለት፤ ወጥ ቤቷ ዶሪንም ጭንቅላቱን ደባብሳ "በቃ፣ ይኼ ልጅ የኛ ነው፤ ሸቷል!" አለች። እሱም ሳህኑን ይዞ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ለእናንተ ከቀረበው ማስረጃ ውስጥ በአባሪ ቁጥር ዘጠኝ እንደተያያዘ በኋላ ሰማሁ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ማለት ይኼው ነው።

፪ኛ፤ መቃብርን እንደ ማስረጃ ስለምትቀበሉ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብራይስ ሱቅ ገብቶ፣ የበር ማጠፊያ እንደሚገዛ ሰው ዘና ብሎ፣ "ሚስተር ቨርደን፣ እዚህ ትንሽ መሬት ብገዛ ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ። "ምን ያህል ትንሽ?" አልኩት። "አንድ ሰው የሚያስተኛ።" "ድንኳን ልትተክል ነው እንዴ?" "አይ፣ ለመቃብር ነው" አለና እኔ ስስቅ እሱም አብሮኝ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ከልቡ አስረዳኝ፤ "አማካሪዬ ምን ይላል መሰለዎት፣ መንጃ ፈቃድ ማንም ያወጣል፣ ቤትም ማንም ይከራያል። መቃብር የገዛን ሰው ግን ለመኖር አላሰበም የሚል ኮሚቴ የለም።" አማካሪው እንዴት አድርጎ እንደሚያውቃችሁ ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የመቃብር ስፍራችን ኮረብታው ገደል ላይ ስለሚያበቃ ሞልቷል። አንዲት ቦታ ብቻ ቀርታ ነበር፤ ከጥዱ ሥር፣ ከዌንደል ካስቶ ጎን። ዌንደል የእኅቴ የኦፓል ባል ነበር፤ ከጀልባ ወድቆ ከሞተ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከጎኑ ያለው ቦታ የኦፓል እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም፤ መዝገቡ ላይ ግን አልተጻፈም። በእኛ ዘንድ በሕይወት ያለን ሰው ስም በመቃብር መዝገብ ላይ መጻፍ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። አያቶቻችንም አልጻፉም፣ እኛም አንጽፍም፤ ጸሐፊው ማወቁ ይበቃል ተብሎ ይታመናል። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ኦፓል በዚያን ጊዜ ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ነበረች። ሄጄ ጠየቅኋት። ማሽኑ ላይ እንዳለች ሳቋ አስቸገራት፤ "ስጠው እባክህ! እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም። ደግሞስ ዌንደል ወጣት ጎረቤት ቢያገኝ ይጠላል? ስለ አሳ የሚያወራለት ሰው ካጣ ስንት ዓመቱ!" አለችኝ። እኔም የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ከእሷ ቀድሞ አይሞትም፣ በሚያስፈልግ ቀን ይመልስልናል ብዬ አሰብኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚህ ላይ አጥሩን የነቀነቅነው እኛው ባለቤቶቹ ነን።

የሽያጭ ወረቀቱን ጻፍኩለት። ከዚያም አማካሪው በላከው ቅጽ ላይ "ብራይስ ሊንድክዊስት በሃርገስ ቤንድ ለመኖርና በዚያው ለመቀበር ጽኑ ሐሳብ እንዳለው በግሌ አውቃለሁ" ብዬ በመሐላ ፈርሜ፣ ለማረጋገጫውም የጎረቤት ወረዳውን አረጋጋጭ በስልክ ለምኜ አስመጣሁለት። በራሴ ፊርማ ላይ የራሴን ማኅተም መምታት ክልክል ነውና ሕጉን አክብሬያለሁ። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ በሬው ካራውን ስሎ ማቀበሉን ግን ከእኔ በፊት የሰማ አይመስለኝም።

፫ኛ፤ "ግዛቱን ለቅቃ ወጥታለች" የሚለው ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ።

የኦፓል ልጅ ማርላ ካስቶ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ሆስፒታላችን ሳይዘጋ፣ ከሱቄ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ነው። አባቷ ሲሞት ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ አሳዳጊዋ እናቷ ናት፣ እናቷ ያልቻለችውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ሆኜ እዚሁ እሠራለሁ ማለት የጀመረችው ያኔ ነው፤ ለኮሌጃችሁ ስታመለክት የዘንድሮው ሦስተኛዋ ነበር። የመግቢያ ፈተና ውጤቷ ከብራይስ ይበልጣል። ይህን የነገረኝ ራሱ ብራይስ ነው፤ "እሷ እኮ ከኔ በጣም ትሻላለች፣ ያሳዝናል" አለኝ፤ ልጁ ቅን ነው ብያለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥር ድልድዩ ለጥገና ተዘጋ። እናቷን ለእጥበት ለማድረስ በወንዙ ላይኛው መሻገሪያ መዞር ግድ ሆነ፤ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት፣ መመለሻውም እንዲሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በበረዶ። ማርላ ሦስት ሳምንት ሞከረችው። በአራተኛው እናቷ መኪናው ውስጥ ራሷን ስታ ስለወደቀች፣ ወንዙን ተሻግራ እጥበቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየችና እናቷን ይዛ ገባች። እዚያው ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት ተቀጠረች። የኦሃዮ ፖሊስ በሰሌዳዋ ምክንያት ሁለት ጊዜ ስላስቆማት ሰሌዳዋንም መንጃ ፈቃዷንም ቀየረች። ክፍሉ መስኮት ነበረው፤ በድልድዩ ዞሮ ለሚሄድ ዐሥራ አንድ ማይል ይሁን እንጂ በመካከላችን ያለው ወንዙ ብቻ ስለሆነ፣ ኦፓል ትራሷ ላይ ደገፍ ስትል የእኛን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታያለች። "ወደ ውጭ አገር የወጣሁት ገና አሁን ነው፤ ብዙም አልወደድኩት" ትለኝ ነበር።

ዐሥር ወር ተቀመጡ። እናንተ በጻፋችሁት ደብዳቤ መሠረት፣ ማርላ እነዚህን ዐሥር ወራት ያሳለፈችው በኦሃዮ አዲስ ሕይወት በመመሥረት ነው።

፬ኛ፤ ብራይስ መመሪያችሁን አክባሪ ሆኖ ስለተገኘ አመሰግናለሁ።

ኦፓል የሞተችው በኅዳር፣ የአጋዘን አደን በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ነው። ብራይስ ለኅዳሩ የምስጋና በዓል ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ ስለነበር ሳንዲያጎ ደወልኩለት። ከበስተኋላው የሳህን ድምፅና የሰው ሳቅ ይሰማል። ቦታዋን እንዲመልስልን ለመንኩት፤ በምትኩ የፈለገውን እንደምጽፍለት፣ የእኔንም ቦታ፣ ሚስቴ አጠገብ ያለውን፣ እንደምሰጠው ነገርኩት። እሱም "ሚስተር ቨርደን፣ በእውነት ልቤ ተሰብሯል። ግን አማካሪዬን ጠይቄው ነበር፤ ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ አንድም ሰነድ እንዳትነካ፣ ቦታ ብትቀይርም ጥያቄ ያስነሣል ብሎኛል። ከውሳኔው በኋላ ግን ወዲያውኑ!" አለኝ። እኔ ሳልደውል አማካሪውን የጠየቀው እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ዶሪን ጠዋት ሞቷን ጽፋለት ኖሯል። ለማልቀስ ሳይሆን ለመጠየቅ ነው የቀደመው።

ማርላ ይህን ሁሉ አጠገቤ ቆማ ሰማች። ስልኩን ሳስቀምጥ "ለምን ለመንከው?" ብቻ ነው ያለችኝ። የእኔን ቦታ ለእናቷ ልስጣት ብላት እንቢ አለች፤ "ታዲያ ሚስትህ አጠገብ ማን ይተኛል? አይሆንም" አለች። ኦፓል ኦሃዮ ተቀበረች፤ ከገበያ አዳራሹ ጀርባ፣ ሜዳ ላይ፣ ከምታውቀው አንድም ሰው አጠገብ ሳትሆን። እኔ መዝገቡ በእጄ እያለ፣ አንድ መስመር ለመጻፍ የፈራሁት ሞት እንዳይሰማ ብዬ ነበር። ሞትስ ሰማ፤ ያልሰማው ኮሚቴው ነው። ይህ የእኔ ኃጢአት ነው፤ ከእናንተ ጋር አልካፈለውም።

ማርላ በቀብሩ ማግስት ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች።

፭ኛ፤ በግንቦት ወር በአካል ቀርበን እንድናስረዳ ስለፈቀዳችሁልን አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይረዝማል።

በመጋቢት ብራይስ "ነዋሪ" ማርላ "ነዋሪ ያልሆነች" ተብለው ደብዳቤ ደረሳቸው። የማርላ ደብዳቤ አራት ምክንያት ይዘረዝራል። ሦስቱ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ሰሌዳና በኦሃዮ የተከፈለ የሥራ ግብር ናቸው። አራተኛውን ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፤ "የአመልካቿ የቅርብ ቤተሰብ ቀብር ከግዛቱ ውጭ የተፈጸመ መሆኑ ዘላቂ ትስስሯ ከግዛቱ ውጭ መሆኑን ያመለክታል።" ይህን የጻፈውን ሰው ሳገኘው እጁን ልጨብጠው እመኛለሁ። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የእናትየው ቦታ ለብራይስ ድጋፍ፣ ቦታዋን ያጣችው እናት ደግሞ ለልጇ እንቅፋት ሆነው ተቆጥረዋል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሲመታ አይቼ አውቃለሁ፤ አንዷ ወፍ አስቀድማ ሞታ ሳለች ግን አላየሁም ነበር።

ማርላ የእናቷን ጥቁር ኮት ለብሳ ነበር የመጣችው። ከጠረጴዛው መሐል የደረቅ ከረሜላ ሳህን ነበረ፤ አንዷ አባል ወረቀቱን እያንኮሻኮሹ ይልጡ ነበር። እርስዎ ክቡርነትዎ መነጽርዎን ወደ ላይ አድርገው "ወደ ግዛታችን ለዘለቄታው የመመለስ ሐሳብ እንዳለዎት የሚያሳይ ምን ማስረጃ አለዎት?" ብለው ጠየቋት። ማርላ ጥያቄው አልገባትም፤ "እዚህ ነው የተወለድኩት" አለች። እርስዎም በትዕግሥት "መወለድ እኮ ሐሳብን አያሳይም፤ የሚወለድ ሰው አይመርጥም" አሏት። እውነት ነው። ክቡርነትዎ ቢመርጡ ኖሮ የት ይወለዱ እንደነበረ መንገድ ላይ ሳስብ ዋልኩ።

ቀጥሎ አንድ አባል "እናትሽን ሌላ የሚንከባከብ ሰው አልነበረም?" አሉ። "አጎቴ ነበረ። ግን እሱ ሱቁን ከዘጋ ከተማው ቧንቧ የሚጠግንለት ሰው አያገኝም" አለች። "ስለዚህ መሄድሽ የአንቺ ምርጫ ነበር" አሉ አባሉ፣ ሲጽፉ። ማርላ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እርስዎ ተመለሰችና "አዎ፣ ምርጫዬ ነበር። ዛሬም ቢሆን እናቴን ነው የምመርጠው" አለች። ከረሜላ የሚልጡት ሴትዮ ያኔ ብቻ ቀና አሉ።

እርስዎ ሲያሰናብቱን ጥሩ ምክር ለገሷት፤ ዐሥራ ሁለት ወር ከግዛቱ ሳትወጣ ከኖረች በኋላ እንደገና ማመልከት እንደምትችል። "እስከዚያው ድረስ" ሲሉ ፈገግ ብለው "ድልድዩን አትሻገሪ" አሏት። የእናቷ መቃብር ወዲያ ማዶ እንደሆነ ከፊትዎ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። ቀልድዎ እንደሆነ ስለገባን ለመሳቅ ሞከርን፤ አልተሳካልንም።

፮ኛ፤ የውሸት መሐላዬን ስለናቃችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ከግንቦቱ ስብሰባ በኋላ ሦስቱን ደብዳቤዎች የጻፍኩት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው፣ ልጁ እዚህ የመቀበር ሐሳብ እንደሌለው እያወቅሁ አለው ብዬ መማሌን ተናዘዝኩ። በሁለተኛው፣ በሐሰት መሐላ እንድከሰስና የማርላ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ለመንኩ። በሦስተኛው ደግሞ ቁጣዬን ጻፍኩ፤ ስለ ሦስተኛው ይቅርታ። ከካርዶቹ በኋላ ጸሐፊዎ በስልክ መልሱን ነገሩኝ፤ የሦስተኛ ወገን ቃል እንደ ደጋፊ ብቻ ስለሚታይ ውሸትም ቢሆን ለውጥ አያመጣም፣ የመቃብሩ የሽያጭ ወረቀት ግን ውሳኔው በተሰጠበት ቀን ሕጋዊ ነበር። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሐላ ዋሸሁ፤ እሱም ዋጋ የለውም ተባልኩ። የአረጋጋጭነት ማኅተሜን ግን በገዛ እጄ መለስኩ።

ብራይስ በነሐሴ ክፍሉን በግማሽ ቀን አጸዳና ወደ እናንተ መጣ። ዶሪን የስንብት ኬክ ጋገረችለት። የቆዳ ሐኪም የመሆን ሐሳብ እንዳለው ነግሮናል፤ ሳንዲያጎ ውስጥ አንድ የአባቱ ወዳጅ ክሊኒክ አለው፣ በባሕር ጠረፍ ፀሐይ ቆዳው የሚቃጠል ሰው አይጠፋም። በመስከረም የመቃብሩን ወረቀት በፖስታ ላከልኝ፤ በትንሽ ቢጫ ወረቀት ላይ "ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፤ ለሚያስፈልገው ሰው ይሁን። ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ" ብሎ ጽፏል። ወረቀቱን ይዤ ወደ ማርላ ሮጥኩ። እናቷን አውጥተን አባቷ አጠገብ እናምጣት፣ ፈቃዱን እኔ አስጨርሳለሁ አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፤ አላቆመችም። "አጎቴ፣ እማዬን አንዴ ቀብሬያታለሁ" አለችኝ። "ሁለተኛ አልቀብራትም።"

ጤና ጣቢያችን በዚሁ ወር ተዘጋ። ነርሷ ጡረታ ወጣች፤ የሚተካት አልተገኘም። ይህ የእናንተ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እናንተ በየዓመቱ ሃምሳ አራት የአገር ልጆችን ታስገባላችሁ፤ ቁጥሩ ሞልቶ ያውቃል እንጂ ጎድሎ አያውቅም።

በተረፈ ኮሚቴው በያዘው የፍትሕ መንገድ እንዲገፋ፣ ጠረጴዛው እንዲረዝም፣ የከረሜላው ሳህን እንዳይጎድል፣ ክቡርነትዎም ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር እንዲሰጥዎ፣ ድንገት ቢታመሙም ከቆዳዎ በታች እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥና ውለታዎን የማይረሳ፣
ቨርደን ስታትስ
ምስማርና ቧንቧ ነጋዴ፣ የሃርገስ ቤንድ መቃብር ማኅበር ጸሐፊ፣
ሰነድ አረጋጋጭ የነበረ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ ስጀምር፣ ዐሥራ ሁለት ወሯ በኅዳር ስለሚሞላ ማርላ ለአራተኛ ጊዜ ታመልክታለች፣ ያኔ አንገቷን ቀና አድርጋ ትቀርባለች ብዬ ነበር። ሐሙስ ዕለት በጠራራ ፀሐይ ፍራሿን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስራ ሱቅ በር ላይ ቆመች። ኦሃዮ ያለው ሆስፒታል በነርስነት ሊያስተምራት ተቀብሏታል፤ እናቷ እጥበት ታደርግበት ከነበረው ክፍል በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትሠራው። "አንድ ወር እኮ ነው የቀረሽ!" ብዬ ጮህኩባት። "አውቃለሁ" አለች። "እኔ የዚህ አገር ሰው መሆኔን እነሱ እስኪያምኑልኝ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ፤ አሁን እኔ ራሴ ማመን አቃተኝ።" ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ፋይሏን ሲዘጉ "ግዛቱን ለቅቃ ወጥታለች" የሚለውን መስመር እንዳይሰርዙት አደራ እላለሁ። በጻፋችሁት ቀን ሐሰት ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ግን እውነት አድርጋችሁታል።